በሐዋሳ የቤት ኪራይና የወር ወጪ፦ በመነሻ ደመወዝ ሦስት ሰው መኖር ይችላል?

ጥያቄ፦ ተዛዋሪው

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ ስሆን፣ ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ሐዋሳ በሚገኘው ቅርንጫፍ እንድሠራ ተመድቤያለሁ። ባለቤቴና የአራት ዓመት ሴት ልጃችን አብረውኝ ስለሚመጡ ከወዲሁ የቤት ኪራዩንና የወር ወጪያችንን ማስላት ጀምሬያለሁ፤ ነገር ግን የምሰማው ሁሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንድ ዘመዳችን ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በግማሽ ይረክሳል ይላል፤ ሌላው ደግሞ በኪራይ የሚተርፈው በሌላ ወጪ ተመልሶ ይወጣል ይላል። በስልክ ያነጋገርኩት ደላላ ሁለት ክፍል ከነመጸዳጃ ቤቱ 9,000 ብር ሲለኝ፣ በማግሥቱ ሌላው ደላላ ያንኑ የሚመስል ቤት በ6,500 ብር እንዳለ ነገረኝ። የሚለያየው ሰፈሩ ይሁን ቤቱ፣ ወይስ ደላላው፣ ልረዳው አልቻልኩም።

ደመወዜ በዲግሪ ለሚቀጠር ሠራተኛ የሚከፈለው መነሻ፣ ማለትም 11,500 ብር ነው። ባለቤቴ በሒሳብ ሥራ ልምድ ያላት ብትሆንም፣ እዚያ ሥራ እስክታገኝ ድረስ ለጥቂት ወራት በእኔ ገቢ ብቻ መኖራችን አይቀርም። ስለዚህ በከተማው የምትኖሩ ወገኖች አማካይ የሚባለው ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየትኛው ሰፈር ብንፈልግ እንደሚሻለን፣ ከኪራዩ ውጭ በየወሩ የሚጠብቀን ወጪ ምን እንደሆነና ውል ስንዋዋል ምን ምን ማየት እንዳለብን ብትገልጹልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ የአቶቴ ነዋሪ

እንኳን ደኅና መጡ ለማለት ያብቃን። ስለ ኪራይ ከመነጋገራችን በፊት እጅዎ የሚገባውን ገንዘብ በትክክል እናስቀምጥ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወረቀት ላይ ባለው ደመወዝ ሲያስብ ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር አይከፈልበትም፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ከ15 በመቶ ጀምሮ በየደረጃው እያደገ ይሄዳል። በ11,500 ብር ላይ የሚቆረጠው ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ ማለትም 805 ብር ስለሆነ፣ የሚደርስዎ 8,595 ብር ነው። ሌላ ተቀናሽ ካለ ከዚህም ይወርዳል። እንግዲህ ጥያቄው በ11,500 ብር ሳይሆን በ8,595 ብር ሦስት ሰው እንዴት ይኖራል የሚለው ነው።

በዚህ ገቢ የመጀመሪያው ደላላ የነገረዎትን የ9,000 ብር ቤት መከራየት አይታሰብም። ሁለተኛውም ቢሆን ከደመወዝዎ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር የምንኖረው በአቶቴ ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ የምንከፍለው 5,500 ብር ሲሆን መጸዳጃ ቤቱን ከአንድ ሌላ ቤተሰብ ጋር እንጋራለን። ይህንን የምነግርዎ የከተማው ዋጋ ይህ ነው ለማለት አይደለም። ከእኛ ግቢ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለ ተመሳሳይ ቤት፣ በቅርቡ ተከራይ ስለተቀየረበት ብቻ ከእኛ እጅግ በላቀ ዋጋ ተከራይቷል። ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ ቤት የሚከፈለውን የሚወስነው የቤቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ተከራዩ የገባበት ዓመትም ነው። የቆየ ተከራይ በአሮጌ ዋጋ ይኖራል፤ አዲስ ገቢ የዘንድሮውን ዋጋ ይከፍላል። አማካይ ኪራይ የሚባለው ሁለቱን ቀላቅሎ ስለሚያወጣ ለእርስዎ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ እርስዎን የሚመለከተው አዲስ ገቢው የሚከፍለው ነውና።

ዋጋው እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማወቅም ለመደራደር ይረዳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ እስከ 60,000 ለሚደርሱ ሠራተኞች የሥራ ዕድል ይፈጥራል ተብሎ የታሰበ ነበር፤ መኖሪያ ግን አብሮ አልተሠራላቸውም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት እየሆኑ አንድ ክፍል መጋራት ጀመሩ፤ ቦታ ያለው ሁሉ በግቢው ውስጥ ተርታ ክፍሎችን ሠርቶ በነፍስ ወከፍ ማከራየት ያዘ። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ክፍል የሚከፍለው ከአራት ሠራተኞች ድምር ክፍያ ጋር ሲወዳደር ያንስ ስለነበር፣ ቤተሰብ ያላቸው ተከራዮች ከእነዚያ ሰፈሮች ተገፍተው ወጡ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል፣ በ2014 ዓ.ም. ስትታገድ አንዳንድ ኩባንያዎች ለቀው ሄዱ፤ ይሁን እንጂ ኪራይ ወደ ኋላ ሲመለስ አላየሁም። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ የግንባታ ዕቃ ተወደደ፤ አዲስ የሚሠራ ቤትም ያወጣውን ለመመለስ በከፍተኛ ዋጋ ወደ ገበያ ይወጣል።

ስለ ምግብ ሁለቱም ዘመዶችዎ ከፊል እውነት አላቸው። ከሲዳማ ገጠር የሚመጣው ሁሉ፣ አቮካዶው፣ ሙዙ፣ ጎመኑ፣ ቦሎቄው፣ በቆሎውና ቆጮው በወቅቱ ከአዲስ አበባ በግልጽ ይረክሳል። ዓሣም ከሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ጠዋት ማልደው ከገዙ ለቤተሰብ የሚሆን ምግብ ነው። ጤፍ ግን የዚህ አካባቢ ዋና ሰብል ስላልሆነ አብዛኛው ከሌላ ቦታ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ ይረክሳል ብለው አይጠብቁ። ዘይት፣ ስኳርና ሳሙናም እንዲሁ ናቸው፤ ዋጋቸው ከአዲስ አበባ እኩል ነው፣ ካልሆነም የመጓጓዣው ይጨመርበታል። እንጀራ በየቀኑ በልቶ፣ ዓሣና አቮካዶ አልፎ አልፎ የሚቀምስ ቤተሰብ ርካሽነቱ አይታየውም። የአካባቢውን ምግብ በገበታው የሚያበዛ ቤተሰብ ግን ልዩነቱን በእርግጥ ያያል። ባለቤትዎ ጤፉን ከበቆሎ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ብትጋግር ወጪው ይበልጥ ይቀንሳል፤ እዚህ ብዙ ቤት የሚያደርገው ነው።


መልስ፦ አከራይ እናት

ልጄ፣ የአከራዩንም ወገን ብትሰማ ይጠቅምሃል ብዬ ነው የምጽፍልህ። በግቢዬ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ክፍሎች አከራይቻለሁ፤ በኑሮዬም የምተማመነው በዚሁ ኪራይ ነው። ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ቢሆንም የመብራቱን ነገር ሳይነሳ ማለፍ አይገባም፤ በተከራይና በአከራይ መካከል ከሁሉ የበለጠ ጠብ የሚያመጣው እሱ ነውና።

በአብዛኛው ግቢ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እንዲል ሆኖ ነው የተሠራው፤ በዚህ ላይ ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል፤ በራሱ ቆጣሪ ቢሆን በዝቅተኛው እርከን የሚከፍል ትንሽ ቤተሰብም የውዱ ዋጋ ተካፋይ ይሆናል። እኛ አከራዮች ምጣድ አይገባም የምንለው ከክፋት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት በአንድ ጊዜ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በየሳምንቱ ቢጋገር በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሁሉም ተከራይ እሑድ ጠዋት ምጣዱን ቢሰካ የግቢው መስመር አይችለውም፤ ገመዱ ይግላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ለእሳትም ያሰጋል።

አንተ ግን ማሰብ ያለብህ በራስህ በኩል ነው። ምጣድ የማይፈቀድበት ቤት ገብተህ እንጀራ የምትገዛ ከሆነ፣ ሦስት ሰው በቀን ስድስት እንጀራ ይበላል እንበል፤ አንዱ 25 ብር ቢሆን በቀን 150፣ በወር 4,500 ብር ነው። ከደመወዝህ ከግማሽ በላይ ለእንጀራ ብቻ ከወጣ ለኪራዩ የሚተርፍህ ምንድን ነው? ስለዚህ በርካሽ የተባለ ነገር ግን ምጣድ የማይገባበት ቤት፣ ጥቂት መቶ ብር ተጨምሮበት የራሱ ቆጣሪ ካለው ቤት ይልቅ ሊወደድብህ ይችላል። ቤቱን ስታይ አስቀድመህ የምትጠይቀው ስለ ቆጣሪው ይሁን። የራሱ ቆጣሪ ከሌለው፣ መቁጠሪያ ተገጥሞለት የተጠቀምክበትን ብቻ የምትከፍልበትን መንገድ ተስማማ፤ ወይም በሳምንት አንድ ቀን ተራ ተይዞ የሚጋገርበትን። ተከራዮቼ ተራ ተሰጥቷቸው ይጋግራሉ፤ ጠብም የለብንም።

ስለ ዋጋ ድርድርም ልንገርህ። አከራይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ቤቱ ለወራት ባዶ መቅረቱንና ኪራዩ መቆራረጡን ነው። በየወሩ በቀኑ በባንክ የሚያስገባ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፣ አንድ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከሆንክ ይህንኑ በግልጽ ተናገር፤ ደላላው አይናገርልህም። ደላላ ድርሻው ከኪራዩ ስለሚታሰብ ዋጋው ከፍ ቢል አይከፋውም። ከቻልክ ቤቱን በሥራ ባልደረቦችህ ወይም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ በኩል ፈልግ። በሰው በሰው የተገናኙ አከራይና ተከራይ መተማመናቸው የተሻለ ነው፤ ኪራዩም ዝቅ ብሎ ይገኛል።


መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጠቃሚ ናቸው፤ እኔ የምጨምረው የውሉን ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለጠያቂው በርካታ ጥበቃዎችን ይሰጣል፤ ብዙ ተከራዮች ግን ስለማያውቁት አይጠቀሙበትም። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ያነሰ ሊሆን አይችልም። አከራዩ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚችለው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ስለዚህ የስድስት ወር ወይም የዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ አምጡ የሚል ጥያቄ ከመጣ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነው፤ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን መሠረት እንጂ አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው አይደለም።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ በተግባር ግን የሚያጋጥመውን መሰናክል መሸሸግ አይገባም። አንዳንድ አከራዮች ውሉ ከተመዘገበ የኪራይ ገቢ ግብሩ በትክክለኛው መጠን ስለሚታወቅ ምዝገባውን አይወዱትም፤ ከዚህም የተነሣ በጽሑፍ ውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲሰፍርና ቀሪው በእጅ እንዲከፈል የሚጠይቁ አሉ። በዚህ ፈጽሞ አይስማሙ። ክርክር ቢነሳ የሚታየው የተጻፈው ነው፤ በእጅ የከፈሉትን ማስረዳት አይችሉም፤ ግብር በመሸሸግ ድርጊትም ተካፋይ ይሆናሉ። የሁለት ዓመቱ ዋስትና የሚጠቅመው ውሉ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው።

በውሉ ላይ ከኪራዩ መጠን ሌላ እንዲሰፍሩ የሚያስፈልጉት፦ መብራትና ውኃ የሚከፈለው በማን ስም፣ በምን ዓይነት ስሌት እንደሆነ፤ ምጣድ መጠቀም የተፈቀደ መሆኑ፤ ቤቱ ሲረከቡ የነበረበት ሁኔታ፣ ማለትም በሩ፣ ቁልፉ፣ መስኮቱ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ዕቃና ግድግዳው ናቸው። እነዚህን ፎቶ አንሥተው ቢያስቀምጡ ሲለቁ ክርክር አይኖርም። ተቆጣጣሪውን አካል የሚሰይሙት ክልሎች በመሆናቸው፣ ቤቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ ሄደው ምዝገባው በየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚከናወን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።


መልስ፦ ነርሷ

ስለ ሰፈር የተጠየቀው በቂ መልስ ያላገኘ መሰለኝ። ብዙ ሰው ለአዲስ መጪ የሚመክረው ወደ ዳር፣ ለምሳሌ ወደ ሐዌላ ቱላ አቅጣጫ ወጣ ብሎ ርካሽ ቤት እንዲይዝ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ብቻ ሠርቶ ለሚያስተዳድረው ቤተሰብ አልመክረውም። ሁለት ባጃጅ ቀያይሮ ሥራ የሚደርስ ሰው በቀን አራት ጊዜ ይከፍላል። አንዱ ጉዞ 15 ብር ቢሆን እንኳ በቀን 60 ብር፣ በ22 የሥራ ቀናት 1,320 ብር ይሆናል። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት መመለስ ስለማይችልም ከውጭ ይበላል፤ እሱም ሌላ ወጪ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ በእግር የሚደረስበት ቤት በኪራይ 1,500 ብር ቢበልጥ ሁለቱ ይስተካከላሉ፤ ምሳውን ቤቱ ገብቶ ከልጁ ጋር ይበላል።

ሐዋሳ ሜዳ መሆኗም አንድ ጸጋ ነው። ሽቅብ ቁልቁል የሚያስብል መንገድ ስለሌላት ብስክሌት የሚነዳው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ያገለገለ ብስክሌት ገዝቶ ወደ ሥራ መመላለስ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መምህራንም ሠራተኞችም ያደርጉታል። በመሥሪያ ቤትዎና በቤትዎ መካከል ያለው ርቀት በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ካልበለጠ፣ ከላይ ያሰላሁት የባጃጅ ወጪ በጥቂት ወራት ውስጥ የብስክሌቱን ዋጋ ይመልሳል።

ከሙያዬ አንጻር ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ከተማዋ በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከሐይቅ አጠገብ ያለች ስለሆነች ወባ አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሕፃን ደግሞ ለበሽታው የመከላከል አቅም አላዳበረም። ከሐይቁ ዳርቻ ወይም ውኃ ከሚያቁር ቦታ አጠገብ ያለ ቤት ዋጋው ቢማርክም፣ ልጅዎ በዓመት ሁለት ጊዜ ብትታመም ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ከሥራ በመቅረት የሚወጣው ሲደመር የረከሰው ኪራይ ርካሽ አይሆንም። መስኮቱ የወንፊት ሽቦ ያለው ቤት ይምረጡ፤ አጎበርም ለሦስታችሁም አስቀድመው ያዘጋጁ። ሁለተኛው የውኃው ጉዳይ ነው። የቧንቧ ውኃ በሁሉም ሰፈር በየቀኑ አይደርስም፤ ሲጠፋ በጄሪካን መግዛት ግድ ነው። በግቢው ሮቶ ካለ፣ ሮቶውም የሚሞላው ለሁሉም ተከራይ ከሆነ፣ ይህ ብቻውን በኪራዩ ላይ ጭማሪ ቢያስከትል የሚያስቆጭ አይደለም። የጎረቤት ተከራዮችን ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩ በሌለበት ይጠይቋቸው።


ተዛዋሪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአከራይ እናታችን የእንጀራ ስሌት በተለይ አስደንግጦኛል፤ እኔና ባለቤቴ ስለ ምጣድ ጨርሶ አላሰብንም ነበር። መሥሪያ ቤቴ መሐል ከተማ አካባቢ ስለሆነ የነርሷን ምክር ተከትዬ በእግር ወይም በብስክሌት ርቀት ውስጥ እፈልጋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ባለቤቴ ሥራ እስክታገኝ ባሉት ወራት በ8,595 ብር ብቻ መኖር ከቶ ይቻላል? ወይስ እነርሱን አዲስ አበባ ትቼ መጀመሪያ ብቻዬን ብመጣ ይሻላል? ልጃችንን ደግሞ በመስከረም አጸደ ሕፃናት ማስገባት እንፈልጋለን።


መልስ፦ የአቶቴ ነዋሪ

በግልጽ ልንገርዎ፤ በዚያ ገቢ ብቻ ሦስት ሰው ችሎ ይኖራል ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። 5,000 ብር የሚከራይ ቤት ቢያገኙ እንኳ የሚተርፈው 3,595 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ መብራት፣ ውኃና ስልክ ሲነሣ ለምግብ የሚቀረው በቀን ከ100 ብር ብዙም አይርቅም። ቁጠባ ያላችሁ ከሆነ ወራቱን በእሱ መሸፈን ይቻላል፤ ከሌለ ግን ዕዳ ውስጥ ይገባሉ፤ በዕዳ የተጀመረ ኑሮ ደግሞ ባለቤትዎ ሥራ ካገኘች በኋላም ለረጅም ጊዜ ይጎትታችኋል። ብቻዎን ቀድመው መምጣቱ የተሻለ ነው የምለው፣ ቤተሰብ መለያየቱ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባ ጋር ክፍል ተጋርተው በሚቆዩበት ጊዜ ቤቱን ተረጋግተው ሊመርጡ ስለሚችሉ ነው። ተቻኩሎ የተያዘ ቤት ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይከፈልበታል፤ ደላላም የቸኮለ ሰው ያውቃል።

ስለ ጊዜውም አንድ ነገር ይወቁ። ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በዚያ ሳምንት ከተማው በምእመናን ይሞላል፤ የማረፊያ ዋጋም ይንራል። ስለዚህ ወይ በሐምሌ መጀመሪያ ይድረሱ፣ ወይ ማረፊያዎን አስቀድመው ይያዙ። በሌላ በኩል ክረምት ቤት ለማየት ከሁሉ የተሻለው ወቅት ነው፤ ጣራው የሚያፈስ፣ ግቢው የሚጨቀይ፣ መንገዱ ባጃጅ የማያስገባ መሆኑ የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ በኅዳር ቢያዩት ሁሉም ያማረ ይመስላል። የልጅዎን ትምህርት በተመለከተ፣ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅድመ መደበኛ ክፍል ስላላቸው ከግል አጸደ ሕፃናት ክፍያ ነፃ መሆን ይችላሉ፤ ምዝገባው ግን ቦታው ሳይሞላ ቀደም ብሎ መጠየቅ አለበት። ቤቱን ሲመርጡ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በእግር በሚደርስበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል።


መልስ፦ አከራይ እናት

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ባለቤትህ ሥራ ለመፈለግ እስክትመጣ ድረስ አትጠብቅ፤ አንተ ቀድመህ ስትመጣ የትምህርትና የልምድ ማስረጃዋን ይዘህ ና። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልጉ ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶች፣ የንግድ ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እዚህ ብዙ ናቸው፤ ማስታወቂያ ሳያወጡ በሰው በሰው የሚቀጥሩም አሉ። ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ ለመኖር የሚከብድ ከተማ አይደለም። ቤት ስታይ ከማለዳ ጀምረህ እይ፤ ከቻልክ አንዱን ቤት ማታም ተመልሰህ እየው፣ ውኃው፣ መብራቱና ጫጫታው የሚታወቀው ማታ ነው።


መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከባልደረባ ጋር ክፍል በሚጋሩባቸው ወራትም ቢሆን የሚከፍሉት በባንክ ይሁን፤ የከፈሉበትንም ማስረጃ ያስቀምጡ። ዋናው ተከራይ ባልደረባዎ ከሆነ አከራዩ መግባትዎን አውቆ በጽሑፍ መፍቀዱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ አከራዩ በቤቱ ላይ ሌላ ሰው ገብቷል ብሎ የባልደረባዎን ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊያደርገው ይችላል።